ዘሩን ተዪውና ጥርሱን እዪው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዘዞ ውስጥ ብዙ ሰው ያለበት ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። ከ2 ሳምንት በፊት ዳባት ካሉ ዘመዶቿ አንድ ወንድ ቡችላ አመጣች፤ ስሙን ነብሮ ብላዋለች። እናቱ የሐበሻ ውሻ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ 3 ወሩ ነው ብለዋታል። አንዱ ጎረቤት ጆሮው ስላልቆመ ሼፐርድ የሚባለው ውሸት ነው አላት። ሌላው ዓይኑ ሰማያዊ ስለሚመስል ሀስኪ የሚባለው ዘር አለበት አላት። ዋናው ችግሯ ግን ቤት ውስጥ መሽናቱ ነው። ቀን ቀን ሮቶው ሥር አስራው ትሄዳለች፤ ማታ ስትፈታው ገብቶ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። ለቡና የጎዘጎዘችው ቄጤማ ላይ እንኳን ሳይቀር። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሽተሽ ምቺው ብለው መከሯት፣ አደረገችው፣ አሁን አልጋ ሥር ገብቶ መሽናት ጀመረ። አከራይዋ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ይውጣልኝ ብለዋል። የአፉንና የመላ አካሉን ፎቶ ልካልኛለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ነብሮ ባለጌም ደደብም አይደለም። ጎንደር ውስጥ በእንስሳት ሕክምና ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ቡችላ ይዘው የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌም ያንኑ ነው፦ «ዶክተር፣ ዘሩ ምንድን ነው?» እኔ ግን መጀመሪያ የምከፍተው አፉን ነው። ያንቺንም ፎቶዎች ሳይ ቀድሜ ያየሁት ጥርሱን ነው፤ ትልቁን ነገር ያገኘሁትም እዚያው ነው። ነብሮ 3 ወር አልሞላውም። 2 ወርም የሞላው አይመስለኝም።

በምን ታወቀ ካልሽኝ፣ ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ክራንቻው በ3 እና በ4 ሳምንት መሀል ብቅ ይላል፣ የፊቶቹ ትንንሾች ይከተላሉ፣ ከዚያ የጎኖቹ ይመጣሉ። 8 ሳምንት አካባቢ 28ቱም የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ፤ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው፣ እጅሽ ላይ ምልክታቸው ይኖራል። ከ3 ወር በኋላ የፊቶቹ እየወለቁ በትልልቅ ይተካሉ፣ 7 ወር ሲሆነው 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። የነብሮን ፎቶ አስፍተሽ እዪው። ከታች በኩል መጨረሻ ላይ ያሉት የጎን ጥርሶች ገና ከድድ አልወጡም፣ የአንደኛው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ይሄ የ6 ወይም የ7 ሳምንት ቡችላ አፍ ነው። አንቺ ጋ 2 ሳምንት ስለቆየ፣ ከእናቱ ሥር የተነሳው በ4 ወይም በ5 ሳምንቱ ገደማ ነው ማለት ነው።

ዘመዶችሽ ዋሹሽ አልልም። ውሻ የወለደችበትን ቀን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ በዓልን ይዞ ይቆጠራል፣ ከዚያ አንድ ወር ይገባል አንድ ወር ይወጣል። ለአንቺ ግን ይሄ ወር ሁሉንም ነገር ይቀይረዋል። ለቡችላ የምንጠቀመው ግምት አለ፦ የወሩ ቁጥር ላይ 1 ጨምሪበት፣ ቀን ላይ ሽንቱን ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ ያን ያህል ሰዓት ነው። 3 ወር ብለሽ ስታስቢ 4 ሰዓት ይይዛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። የነብሮ ግን ቢበዛ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ እሱም ተኝቶ ከሆነ ነው። ነቅቶ እየተጫወተ ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳን ብዙ ነው። ፊኛው ገና ትንሽ ነው፣ የሚዘጋው ጡንቻም ገና አልጠነከረም። ስለዚህ «አምልጦት» እንጂ «ሆን ብሎ» አይደለም የሚሸናው። በዚህ ዕድሜው መምታት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ለምን ዳይፐር አረጠብክ ብሎ እንደመምታት ነው።

ከእናቱ ቶሎ መለየቱም ዋጋ አለው። እስከ 3 ሳምንት እናትየው ሆዱን እየላሰች ነው የምታሸናው፣ ራሱን ችሎ መሽናት አይችልም። ከዚያ እግሩ ሲጸና ከመኝታው ራቅ ብሎ መሽናት ይጀምራል፤ ይሄን ማንም አያስተምረውም፣ ውስጡ ያለ ነገር ነው። ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እግሩ ሥር የሚሰማውን ይለምዳል። ሣር ላይ የለመደ ሣር ይፈልጋል፣ አፈር የለመደ አፈር፣ ሲሚንቶ የለመደ ሲሚንቶ። ነብሮ አሁን እዚህ ጊዜ ደጃፍ ላይ ነው ያለው። በዚህ ሳምንት የሚለምደውን ነገር በኋላ ማስረሳት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ነው ዛሬውኑ ጀምሪ የምልሽ።

የቄጤማው ነገርም እዚህ ላይ ነው መልሱ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት እሱ ጋ ነው። ነብሮ የተወለደው ዳባት፣ ሣር ያለበት ደጅ ነው፤ ከጎጆው ወጥቶ መጀመሪያ የሸናው ሣር ላይ ነው። አንቺ ቅዳሜ ቡና ለማፍላት ቄጤማ ስትጎዘጉዢ፣ ለእሱ የትውልድ መንደሩን መጸዳጃ ቤት ውስጥ አምጥተሽ ዘረጋሽለት ማለት ነው። ያውም ትኩስ፣ እርጥብ፣ የሚሸት። ልክ ነኝ ብሎ ነው የሸናው! ለሁለት ወር ያህል ቄጤማ ስትጎዘጉዢ እሱን ውጭ አድርጊው፣ ወይም ቡናውን ያለ ቄጤማ አፍዪው። ምንጣፉም ያው ነው፣ ለስላሳና ጸጉራም ነገር ለእግሩ ሣር ይመስለዋል። ጠቅልለሽ አንሺው፤ ባዶ ሲሚንቶ ላይ የመሽናት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ቢሸናም ለማጽዳት ይቀልሻል።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ፣ ጓጉተሽ እንደጠየቅሽ ስለገባኝ። ጆሮው መውደቁ በዚህ ዕድሜ ምንም አይነግርም። ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ የሆኑትም ጆሯቸው የሚቆመው ከ2 ወር ጀምሮ እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ጥርስ ሲቀይሩ ደግሞ ቆሞ የነበረው መልሶ ይወድቃል፣ አንዱ ቆሞ ሌላው ሲንጠለጠል ብዙ አይቻለሁ። የሰማያዊው ዓይን ነገርም የዕድሜ ጉዳይ ነው። የቡችላ ዓይን በ2 ሳምንት ገደማ ሲከፈት ሰማያዊ ግራጫ ነው፣ ቀለሙ ቀስ እያለ ነው የሚገባው፣ አንዳንዱ ላይ 3 እና 4 ወር ይፈጃል። እንዲያውም ይሄ ዓይን ጥርሱ የነገረኝን ነው የሚያጸናልኝ፤ ልጁ ገና ነው። ላንቃው ጥቁር ከሆነ ኃይለኛ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ላንቃ ቀለም ነው፣ ጸባይ የለበትም።

ጥቁር ጀርባና ቡናማ እግር እንዳለው ከፎቶው አይቻለሁ። ሼፐርድ ላይ አለ፣ እውነት ነው። የሐበሻ ውሻ ላይም አለ። አጭር ጸጉሩም ሼፐርድነቱን አይከለክልም፣ አጭር ጸጉር በረጅሙ ላይ የሚያይል ባሕርይ ስለሆነ አንዱ ወላጅ ረጅም ጸጉር ቢኖረውም ልጆቹ አጭር ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሴት ውሻ በአንድ ወቅት ከብዙ ወንድ ጋር ስለምትገናኝ በአንድ ሆድ የተለያየ አባት ያላቸው ቡችሎች ይወለዳሉ። ሼፐርዱ በእርግጥ እናቲቱ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ የነብሮ አባት ግን እሱ ሳይሆን ከኋላ የተከተለው የጎረቤት ውሻ ሊሆንም ይችላል። እዚያው ከአንድ እናት የወጡ እህትና ወንድሞቹን ብታዪ፣ አንዱ አንዱን ላይመስል ይችላል።

ስለዚህ በዓይን አይቼ «ይሄን ያህል ሼፐርድ ነው» ብልሽ እየገመትኩ ነው። ባለሙያም ቢሆን በመልክ ብቻ የክልስ ውሻን ዘር ሲናገር በጣም ይሳሳታል። ክልስ ይመስላል እላለሁ፤ እግሩ ወፈር ያለ ነው፣ ደረቱ ሰፋ ይላል፣ ከዚያ በላይ አልሄድም። መጠኑን ማወቅ ከፈለግሽ ግን ቀላል መንገድ አለ። 4 ወር ሲሞላው መዝኚው፣ አንቺ ይዘሽው ሚዛን ላይ ውጪና የራስሽን ቀንሺ። የዚያን እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። 8 ኪሎ ከሆነ ወደ 16፣ 13 ከሆነ ወደ 26። ለግቢሽም ለኪስሽም የሚጠቅምሽ ቁጥር እሱ ነው።

ጸባዩስ ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። በውሾች መካከል ካለው የጸባይ ልዩነት ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው ከራሱ ከውሻው፣ ከአስተዳደጉ፣ ከሚኖርበት ቤት ነው። «ሼፐርድ ከሆነ ቶሎ ይገባዋል፣ ሐበሻ ከሆነ አይሠለጥንም» የሚል ሰው ካለ አትስሚው። ይሄ ነገር ልቤን ስለሚነካኝ ትንሽ ልናገር። የሐበሻ ውሻን «ዘር የሌለው» ይሉታል። በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ የተሠራ የዘር ጥናት ብዙዎቹ የፈረንጅ ውሾች ርዝራዥ እንዳልሆኑ፣ ከጥንት ጀምሮ አፍሪካ ውስጥ የኖሩ የራሳቸው ሐረግ ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። የኛም የመንደር ውሻ ጅቡን፣ ብርዱንና ረሃቡን አልፎ እዚህ የደረሰ ፍጡር ነው። የነብሮ እናት የምታሳፍር እናት አይደለችም። ልጇም ሽንትን በቦታው መሽናት ከየትኛውም ንጹሕ ዘር እኩል ይማራል።

እሺ፣ ሥልጠናው።

መጀመሪያ ሮቶው ሥር ማሰሩን ተዪ። ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበት ላይ መሽናት አይወድም፣ እኛ የምንጠቀመው ይሄንኑ ጸባዩን ነው። አጭር ገመድ ላይ የዋለ ቡችላ ግን ምርጫ የለውም፣ የቆመበት ይሸናል፣ የሸናበት ይተኛል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ነገሩ ይደነዝዝበታል። የሚተኛበት መርጠብ ምንም አይመስለውም። ከዚያ በኋላ ማሠልጠን በጣም ነው የሚከብደው። በገመዱ ምትክ በረንዳው ጥግ ላይ በጣውላ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ትንሽ አጥር አጥሪለት፣ ቆርቆሮ ከሆነ ጠርዙ እንዳይቆርጠው እጠፊው። በአንዱ ጥግ መኝታው፣ በሌላው ጥግ ደግሞ አፈር ወይም ሣር ያለበት ሳፋ ይኑር። አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ቢቸግረው የሚሄድበት አለው ማለት ነው።

ማታ አብሮሽ ይደር። ቤት ውስጥ ማስገባት የማይወዱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፣ እረዳለሁ፣ ግን የ7 ሳምንት ቡችላ በጎንደር የሌሊት ብርድ ብቻውን ደጅ ሲያድር ያለቅሳል፣ ይንቀጠቀጣል። የሙዝ ካርቶን አምጪ፣ አሮጌ ጋቢ ወይም ጆንያ አንጥፊበት፣ አልጋሽ አጠገብ አድርጊው። ካርቶኑ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ ይብቃው። በጣም ሰፊ ከሆነ ግማሹን መኝታ፣ ግማሹን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ሌሊት ሽንቱ ሲመጣ ካርቶኑን ይቧጭራል ወይም ያላዝናል፤ ያኔ ቶሎ ተነሺ። ያን ድምፁን ከተኛሽበት እንዳልሰማሽ ሆነሽ ካለፍሽው ሁለተኛ አይጠራሽም።

ቦታውን ምረጪና አትቀይሪው። ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ፣ ሣር ወይም አፈር ያለበት። የሚሰግዱ ጎረቤት እንዳሉሽ ጽፈሻል፤ ውዱ ከሚያደርጉበትና ከሚያልፉበት ራቅ አድርጊው፣ ቀድመሽም ንገሪያቸው። ከቤት የጠረግሽበትን እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ እዚያ ጣይው፤ ሽታው ለነብሮ ምልክት ይሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰዓት ሥራ ነው። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ወዲያው። ከበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ፤ ሆዱ ሲሞላ አንጀቱ ስለሚንቀሳቀስ ካካው የሚመጣው ያኔ ነው። ተጫውቶ እንዳበቃ። እንግዳ መጥቶ ከቦረቀ በኋላ። ከእነዚህ ውጭ ደግሞ ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየ45 ደቂቃው። ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ። መጀመሪያ ሰሞን ተሸክመሽ አውጪው፣ በእግሩ እየተከተለሽ ከመጣ በሩ ላይ ይለቀዋል። ቦታው ላይ አስቀምጪውና ዝም ብለሽ ቁሚ፤ አታጫውቺው፣ ስልክ አትነካኪ። እናቶች ልጅ ሲያሸኑ የሚያሰሙትን «ሽሽሽ» ታውቂው የለ? እሱን በይለት። በ2 ሳምንት ውስጥ ድምፁን ከሽንቱ ጋር ያያይዘዋል፣ በኋላ ዝናብ ሲሆን ቶሎ እንዲጨርስልሽ ትጠቀሚበታለሽ።

ሲጨርስ፣ እዚያው ቦታው ላይ፣ ወዲያው ሸልሚው። የጥፍር ያህል የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዳቦ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ውጭ አሸንተው፣ ቤት አስገብተው፣ ከዚያ ጉርሻ ይሰጣሉ። ቡችላው የተማረው ቤት መግባት እንደሚያስጎርስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሽንቱን ሳይጨርስ ወደ በሩ መሮጥ ይጀምራል። ሽልማቱ ከሽንቱ በኋላ በ1 ወይም በ2 ሴኮንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ደግሞ ሽንቱን እንደጨረሰ ወዲያው አታስገቢው፣ ጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ስጪው። ውጭው ደስ የሚል ከሆነ ጉዳዩን ቶሎ ይጨርሳል። 5 ደቂቃ ቆመሽ ምንም ካልወጣው ግን አስገቢውና እቅፍሽ ላይ ወይም ካርቶኑ ውስጥ አቆዪው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ አውጪው። «ውጭ አቁሜው አልሸናም፣ ገብቶ ሸና» የሚለው ምሬት የሚመጣው ይቺ 10 ደቂቃ ስትዘለል ነው።

ሌሊት መጀመሪያ ሰሞን 2 ጊዜ ተነሺ፣ ለምሳሌ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ተኩል ላይ። በ10 ሳምንቱ አካባቢ አንዱ ይበቃል። መብራት አታብሪ፣ አታውሪው፣ አሸንተሽ መልሺው። ከግቢ ውጭ ግን በጭራሽ አታውጪው፤ በእኛ አካባቢ ሌሊት ጅብ እንደሚዞር ልነግርሽ አያስፈልግም፣ ለጅብ ቡችላ ጉርሻ ነው። ውሃ ቀን አትከልክዪው፣ ከመተኛቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ብቻ አንሺው። ክረምት ላይ ዝናብ ጠልቶ በሩ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ የበረንዳው ክፈፍ ሥር ደረቅ ቦታ አዘጋጂለት።

አሁን አፍንጫውን ማሸቱና መምታቱ። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፣ ሁሉም የሚመክረው እሱን ነው፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ የራሴን የመጀመሪያ ቡችላ እንደዚያ አድርጌዋለሁ። ሦስት ቀን አልፈጀም፣ እኔ ባለሁበት መሽናት አቆመ። ሠለጠነ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ውጭ ይዤው ስወጣም፣ ግማሽ ሰዓት ስቆም፣ አይሸናም፤ ዞር ስል ሳጥን ኋላ ገብቶ ይለቀዋል። የተማረው «ቤት ውስጥ አትሽና» የሚለውን ሳይሆን «ይሄ ሰው እያየህ አትሽና» የሚለውን ነበር። እስካሁን ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ነብሮ አልጋ ሥር የሚገባውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ቡችላ አንቺ ፊት ውጭ ላይ ለመሽናት እንደገና ድፍረት ማግኘት አለበት፤ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ይወስድብሻል፣ ተስፋ አትቁረጪ። አልጋው ሥር በካርቶን ወይም በሻንጣ ዝጊው።

«ጥፋቱን ያውቃል፣ ስገባ አንገቱን ይደፋል» ብለሻል። አንገት መድፋቱ ለቁጣሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይሄንኑ ፈትሿል፤ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ባለቤታቸው አጥፍተዋል ብሎ ሲቆጣቸው ያንኑ ፊት ያሳያሉ። ከበር ስትገቢ ፊትሽንና ድምፅሽን ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሽንቱን ዘግይተሽ ካገኘሽው ዝም ብለሽ አጽጂ። ሲሸና ከደረስሽበት ደግሞ ሳትጮሂ «ኧ!» በይና አንስተሽ ወደ ቦታው ውሰጂው፣ የቀረውን እዚያ ከጨረሰ ሸልሚው።

አንድ ለይተሽ እወቂ። ስትገቢ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጭራውን እየቆላ ጠብ የሚያደርግ ከሆነ ያ የሥልጠና ጉድለት አይደለም። አክብሮት ነው፣ በውሻ ቋንቋ «ትንሽ ነኝ፣ አትንኪኝ» ማለት ነው። ብትቆጪው ይብሳል። ዝቅ ብለሽ፣ በጎን ሆነሽ፣ ዓይኑን ሳታፈጪበት ሰላም በዪው፤ ሲያድግ አብዛኛው ራሱ ይተወዋል።

የማጽዳቱ ነገር ቀላል ይመስላል ግን እሱ ላይ ነው ብዙው ድካም የሚፈርሰው። በረኪና በቀጥታ ሽንት ላይ አታፍስሺ፤ ከሽንቱ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጭስ ለአንቺም ለእሱም ሳንባ ጎጂ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጪው፣ በኦሞና ለብ ባለ ውሃ እጠቢ፣ ከዚያ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅለሽ አርከፍክፊና ይድረቅ። ምንጣፉን አጥበሽ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አውዪው። ለእኛ ባይሸተን ለእሱ ይሸተዋል፣ የሸተተው ቦታ ላይ ደግሞ ይመለሳል።

ምግቡን ሳላነሳ ብቀር ሥልጠናው ግማሽ ነው። ወተትና ሽሮ በእንጀራ እየሰጠሁት ነው፣ ካካውም ቀጭን ነው ብለሻል። ተቅማጥ ያለበትን ቡችላ ማንም አያሠለጥነውም፣ ለራሱም አያሳውቀውም። የላም ወተት የብዙ ቡችሎችን ሆድ ያላላል፣ ተዪው። ወጡ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፣ የኛ ወጥ በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እንጀራው ብቻውን አይጎዳውም። የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቅንጬ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው፣ በቀን 4 ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስጪው፤ የቡችላ ደረቅ ምግብ ካገኘሽና አቅሙ ካለሽ የተሻለ የተመጣጠነ ነው። በሰዓቱ የገባ ምግብ በሰዓቱ ይወጣል።

ሆዱ ተነፍቶ አይቻለሁ፣ ትል እንዳለበት እጠረጥራለሁ። ቡችላ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ትል ይዞ ይወለዳል፤ መድኃኒቱን በየ2 ሳምንቱ እስከ 2 ወሩ፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወሩ ይውሰድ። በበዓል እርድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ የመጣል ልማዳችንን ግን እለምንሻለሁ፣ አንቺም ግቢው ያሉትም ተዉት፤ ከዚያ የሚይዘው ትል በካካው አልፎ ሰው ጉበት ላይ ያንኑ የውሃ ከረጢት ያበቅላል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የነብሮንም ካካ በየቀኑ በፌስታል አንሺና ሽንት ቤት ጣይው፤ ቡችላ ይዞት የሚወለደው ትል እንቁላሉ አፈር ላይ ሳምንታት ሲቆይ ነው ልጆችን የሚይዘው፣ ትኩሱን ካነሳሽ ቀደምሽው።

ክትባቱን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው የሚጀምረው፣ ማለትም አሁን። የፓርቮና የዲስተምፐር፣ ቡችላ የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ 3 ወር ሲሞላው፤ ትክክለኛ ዕድሜው እዚህም ላይ ያስፈልግሻል፣ 3 ወር ነው ብለሽ ይዘሽው ብትሄጂ ያለጊዜው ይወጋ ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያሽ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። እስኪጨርስ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት መንገድ መሬት ላይ አታውርጂው። ለበዓል ወደ ዳባት ልትመልሺው ካሰብሽ ደግሞ ሳይከተብ አይሂድ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሰሜን ተራሮች ነው፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎቻችን የሚያልቁት ከውሻ በሚተላለፍ በዚሁ በእብድ ውሻ በሽታና በዲስተምፐር ነው። ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ የማንም ውሻ ይሁን፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አከራይሽን በተመለከተ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ጨርሶ ይሠለጥናል ብለሽ ቃል አትግቢላቸው፤ ውሸት ይሆንብሻል። ቡችላ የሚታመነው ከ4 እስከ 6 ወሩ ነው። እውነተኛውን ንገሪያቸው፦ ዕድሜው የተነገረሽ እንዳልሆነ፣ ቦታ እንደተመረጠለት፣ ካካውን በየቀኑ እንደምታነሺ፣ እንደተከተበ። የክትባት ወረቀቱን አሳዪያቸው። የልጃቸው ልጅ ነብሮን ትወደዋለች ብለሻል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ እንድታወጣው ጠይቂያት፣ ጉርሻውንም እሷ ትስጠው፣ እጇን መታጠብ ብቻ አትርሳ። አንቺ ምሳ ሰዓት መምጣት ከቻልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። አከራይሽ ግቢው ንጹሕ ሆኖ 10 ቀን ካዩ ነገሩ የሚለዝብ ይመስለኛል።

ቀኑን ጻፊ፣ ስንት ጊዜ ውጭ፣ ስንት ጊዜ ቤት። ቤቱ በየሳምንቱ ካልቀነሰ፣ ወይም በየደቂቃው ጠብ ጠብ ካደረገ፣ ሽንቱ ደም ካለው፣ ወይም ተኝቶ ሳያውቀው የሚፈስ ከሆነ ሥልጠናውን አቁሚና አምጪው፣ ያ የሕመም ነገር ነው። ካልሆነ ግን ቀጥዪ። 5 ወር ሲሆነው፣ ጥርሱን መቀየር ሲያገባድድ፣ ጆሮው ምን እንደሆነ ፎቶ ላኪልኝ፤ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።